ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ማን ነበር?

ሮማን አብራሞቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ቼልሲን ሲገዛ ክለቡ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነበር። ግዢው ዕዳውን ጨምሮ 140 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጀ። ታዲያ የ36 ዓመቱ ሩሲያዊ ይህን ሁሉ ሀብት እንዴት እንዳፈራ ማን መረመረ? የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የክለብ ባለቤቶችን ብቁነት የሚመዝን ደንብ ያወጣው በ2004፣ ገዢው ከገባ በኋላ ነው። ያኔስ ቢሆን ወደ ኋላ ተመልሶ የጠየቀው አለ?

መልሱ የተሰወረ አልነበረም። በ1995 የሩሲያ መንግሥት ካዝናው ሲራቆት ታላላቅ ኩባንያዎቹን በብድር መያዣ ስም ለጥቂት ባለሀብቶች አስረከበ። አብራሞቪችና ሸሪኩ ቦሪስ ቤሬዞቭስኪ ሲብኔፍት የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ በ100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እጃቸው አስገቡ። ከአሥር ዓመት በኋላ የኩባንያው አብላጫ ድርሻ ለመንግሥታዊው ጋዝፕሮም ተመልሶ ሲሸጥ ዋጋው 13 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። በመካከል ያለው ልዩነት የማን ነበር? በዚያ ዘመን ደመወዛቸው ለወራት ሳይከፈል የቀረው የሩሲያ መምህራንና የማዕድን ሠራተኞች ከዚህ ምን ደረሳቸው? ሁለቱ ሸሪኮች ለንደን ላይ ተካስሰው በ2012 አብራሞቪች ረትቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ለቤሬዞቭስኪ ገንዘብ ይሰጥ የነበረው ለፖለቲካ ከለላ እንደሆነ ለፍርድ ቤቱ የተናገረው ራሱ አብራሞቪች ነው።

የቼልሲው አጥቂ ድሮግባ በ2012 ሙኒክ ላይ በቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት ሲያስቆጥር አዲስ አበባ ውስጥ በየዲኤስቲቪ ቤቱ እየዘለለ የጮኸውን ደጋፊ አልወቅስም። እሱ የወደደው ኳሱን ነው። የምጠይቀው ኳሱን እንዲያስተዳድሩ ኃላፊነት የተሰጣቸውን ነው። አምስት የሊግና ሁለት የቻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ያነሳ ክለብ ከባለቤቱ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ተበድሮ ሲኖር፣ ሰውየው አንድ ቀን ገንዘቤን መልሱ ቢል ምን ይኮን ነበር? ይህ ውድድር ነው ወይስ የአንድ ሰው ኪስ ጥልቀት?

የአብራሞቪች ሲብኔፍት በ2004 የሩሲያው ክለብ የሲኤስኬኤ ሞስኮ ስፖንሰር ሆነ። በዚያው ዓመት ሲኤስኬኤና ቼልሲ በቻምፒዮንስ ሊግ አንድ ምድብ ውስጥ ተገናኙ። ዩኤፋ ጉዳዩን አይቶ ችግር የለውም አለ። የኔዘርላንዱ ቪቴስ ታሪክ ግን ይብሳል። ከ2010 ጀምሮ ክለቡን የያዙት የአብራሞቪች ወዳጆች ነበሩ፤ ማቲችን፣ ማውንትንና ሌሎች ወጣቶችን ቼልሲ በውሰት ይልክለት ነበር። የኔዘርላንድ እግር ኳስ ማኅበር መርምሬ ምንም አላገኘሁም አለ። በ2023 ጋርዲያን ጋዜጣ አፈትልከው የወጡ ሰነዶችን ይዞ ከግዢው ጀርባ የአብራሞቪች ገንዘብ እንደነበረ ዘገበ። ጋዜጠኛ ያገኘውን ማኅበሩ ስለምን አጣው? በ2024 ቪቴስ 18 ነጥብ ተቀንሶበት ከ1989 ጀምሮ ከቆየበት ከፍተኛው ሊግ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት የፕሮፌሽናል ፈቃዱን እስከ መነጠቅ ደርሶ በፍርድ ቤት ነው የተረፈው። በቪቴስ መቀመጫ በአርነም ከተማ ያለው ደጋፊ ምን በደለ? ሰነድ የደበቀው እሱ ነው?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የእንግሊዝ መንግሥት አብራሞቪች ለፑቲን ቅርብ ነው ብሎ ማዕቀብ የጣለበት መጋቢት 10 ቀን 2022፣ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እሱ ቅርበቱን ያስተባብላል። ግን ቅርበት አለ ከተባለ፣ ከ2000 መጨረሻ እስከ 2008 የቹኮትካ ግዛት ገዢ ሆኖ ሲያገለግል ማን አላየውም? በማዕቀቡ የስታምፎርድ ብሪጅ ሱቅ ተዘጋ፣ አዲስ ትኬት መሸጥ ተከለከለ፣ ቡድኑ ከሜዳው ውጭ ለሚያደርገው ጨዋታ ለጉዞ ከ20,000 ፓውንድ በላይ እንዳያወጣ ታዘዘ። ከዚያ አምስት ቀን ቀደም ብሎ በበርንሌይ ሜዳ ሕዝቡ ለዩክሬን ሲያጨበጭብ አንዳንድ የቼልሲ ደጋፊዎች የአብራሞቪችን ስም እየጠሩ ዘመሩ። አሠልጣኙ ቶማስ ቱኸል ጊዜው አይደለም ብሎ ገሠጻቸው፤ እውነቱን ነው። ሰው ከቤቱ እየተፈናቀለ ባለበት ሰዓት የባለቤትን ስም የሚያዘምር ፍቅር ከየት መጣ? በዋንጫ የተገዛ አይደለምን?

በግንቦት 2022 ክለቡ በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ገንዘቡ ለጦርነቱ ተጎጂዎች እንዲውል ተወሰነ። መንግሥት በዩክሬን ውስጥ ብቻ ይዋል አለ፣ የአብራሞቪች ወገን ለተጎጂዎች ሁሉ አለ፤ በዚህ ንትርክ ገንዘቡ ከሦስት ዓመት በላይ እንግሊዝ አገር ባንክ ውስጥ ታግዶ ተቀመጠ። ቤቱ የፈረሰበት፣ እግሩ የተቆረጠበት ሰው የሕግ ባለሙያዎች ቃላት እስኪያጠሩ ድረስ ይጠብቅ? አብራሞቪችም መንግሥትም በአደባባይ የገቡትን ቃል ይፈጽሙ፤ ገንዘቡን ይልቀቁ።