ጎንደር ከሄዳችሁ ወለቃን አትለፏት

ወደ አገር ቤት ጎራ ለማለት ያሰቡ የአትላንታ ወገኖች «ጎንደር ስንደርስ ምን እንይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። የዚያው ተወላጅ ነኝና መልሱ አይቸግረኝም። በመጀመሪያ የፋሲል ግቢ ነው። ዓፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከቆረቆሩ ወዲህ ነገሥታቱ እየተከታተሉ ያሠሩት ይህ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ቀና ብሎ ጣራውን ላየ ሰው መላእክቱ ቁልቁል ያዩታል። የእቴጌ ምንትዋብን ቁስቋምን መዝለልም ነውር ነው።

ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ ወለቃ አለች። በመንገዱ ዳር ሴቶች ከጥቁር ሸክላ የሠሯቸውን ትንንሽ ምስሎች፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን ሳይቀር፣ ይሸጣሉ። ጎብኚው አንድ ሁለት ገዝቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል። የመንደሯን ታሪክ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ወለቃ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረች። እነዚህ ወገኖች በሃይማኖታቸው ምክንያት ርስት ስለተነፈጉ ወንዱ ብረት ቀጥቅጦ፣ ሴቷ ሸክላ ሠርታ ማደር ግድ ሆነባቸው። ዛሬ የምንኮራበትን ግንብ ካነሡት ግንበኞች መካከልም ነበሩበት። ገበሬው በሠሩለት ማረሻ አርሶ፣ ባልቴቷ በሠሩላት ምጣድ ጋግራ፣ መልሰው «ቡዳ» ይሏቸው ነበር።

ይህ በሽታ የጎንደር ብቻ አይደለም። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡም ቀጠለ። ጃፓኖች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ለሸክላና ለሽመና ጠቢቦቻቸው ማዕረግ ይሰጣሉ፤ ሕዝቡም «ሕያው የአገር ሀብት» ይላቸዋል፤ መንግሥትም በየዓመቱ ድጎማ ይከፍላቸዋል።

የእኛዎቹ ግን ሄዱ። ገሚሱ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ሌላው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ አገሩን ለቀቀ። ዛሬ ወለቃ ላይ ሸክላ የሚሸጡት በአብዛኛው ሙያውን የወረሱት ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው።

እኛ የምንኖረው በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተማ ነው። እንግዳ ሲመጣብን የትውልድ ቤታቸው ወዳለበት ኦበርን ጎዳና እንወስደዋለን። ሰው በቆዳው ቀለም አይናቅ ሲባል «እውነት ነው!» እንላለን። ጋብቻ ሲመጣ ግን «አጥንቱ ይጣራ፤ ጠይብ እንዳይኖርበት» የሚለው ሹክሹክታ ውቅያኖስ ተሻግሮ ክላርክስተን ድረስ ተከትሎናል። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ጀበናውን ሳሎን ላይ ደርድሮ የሠራችውን እጅ መናቅ ምን ይሉታል?

በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የፈነዳው ጦርነት ጎብኚውን አርቆ የሸክላ ሠሪዋን ገበያ ጎድቶታል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ። ወለቃ ከደረሳችሁ በዋጋ አትከራከሯት፤ የእናንተ አንድ ዶላር ለእሷ ብዙ ነው። ስሟንም ጠይቁ። አትላንታ ተመልሳችሁ ጀበናውን ለእንግዳ ስታሳዩ «ከጎንደር ያመጣሁት ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ የማን እጅ እንደሠራው ተናገሩ።