የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ሐራም ነው? ግማሹን ብቻ የመለስኩት ጥያቄ



ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። ቪዲዮው ላይ አንዲት ኮሪያዊት የዓይኗን ቆብ አሠርታ ታሳያለች። «ኡስታዝ፣ ይሄ እንዴት ነው?» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር «የዓይን ቆብ ማስቆረጥ ሐራም ነው» አልኩት። ከወር በኋላ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ያለ ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት እናታችን ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተመዝግበው ሳለ «ሐራም ነው ተብሏል» ብለው መቅረታቸውን ሰማሁ። መልሴ በልጆች አፍ ዞሮ ደርሷቸዋል።

ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። የሩቅ ምሥራቁ ጤነኛ ቆብ ላይ እጥፋት ለማውጣት ነው፤ ወይ በክር ብቻ ያስሩታል፣ ወይ ቆዳውን ቀደው ይሰፉታል። ሚካሞ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በ1896 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፤ አዲስ ነገር አይደለም።

የኛው ግን ትራኮማ ነው፤ ወላጆቻችን የዓይን ማዝ የሚሉት። ከልጅነት ጀምሮ እየተመላለሰ ቆቡን ከውስጥ ያጠባስሰዋል። ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ ርግብታ ብሌኑን ይፍቀዋል። መጨረሻው መታወር ነው። ሕፃናትን የሚያቅፉት እናቶች ስለሆኑ ከወንዶች ይልቅ እነሱን ይጎዳል። በዓለም ላይ በሽታው ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ የኛ ክልል ነው።

ሕክምናው ቆቡን አደንዝዞ፣ ከጠርዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆርጦ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ መልሶ መስፋት ነው። አንዱ መንገድ ከቆዳው ጀምሮ ይቆርጣል፤ ሌላው ቆዳውን ሳይነካ ከውስጥ በኩል። በ2006 ዓ.ም. በክልላችን በ1,000 ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉሩ የተመለሰባቸው በመጀመሪያው 22 ከመቶ፣ በሁለተኛው 13 ከመቶ ገደማ ነበሩ። የሚሠሩት የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፤ በነጻ።

ወደ ዲኑ ስንመጣ፣ ከኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) በተላለፈው ሐዲስ ጥርሳቸውን የሚሞርዱት ሴቶች የተወገዙት «ለውበት» በሚል ቃል ተለይተው ነው። ኢማም አን-ነወዊም ከዚሁ ቃል ተነስተው ለሕክምና ወይም ለጉድለት ከሆነ ችግር የለውም ብለዋል። ዐርፈጃ (ረ.ዐ) በኩላብ ውጊያ አፍንጫው ተቆርጦ የብር አሠራ፤ ሲሸትበት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ ክልክል ሆኖ ሳለ! ስለዚህ ጤነኛ ቆብን ለመልክ ብሎ ማስቆረጥ ላይ ያልኩትን አልመልስም። የሚወጋ ፀጉርን ማስነሳት ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም።

በወረንጦ የሚነቅሉ እናቶችም አሉ፤ «ቅንድብ መንቀል የተከለከለ አይደል?» ብለው የሚሸማቀቁ። ብሌን የሚወጋ ሽፋሽፍት ቅንድብ አይደለም። ግን ተመልሶ ይበቅላል፤ ሐኪም ይየው።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ዓይኔ ታሽጎ ውዱእ እንዴት ላደርግ ነው?» አሉኝ። ለካ እሱም አስጨንቋቸው ኖሯል። የታሸገውን በእርጥብ እጅ ያብሱታል፣ ሌላውን ያጥባሉ፤ ውሃው የሚጎዳ ከሆነ ተየሙም አለ፤ ሱጁዱም ከከበደ በምልክት ይሆናል አልኳቸው።

በሚቀጥለው ዙር ተሠሩ። ቀኙ ደህና ነው። በግራው ብሌን ላይ ግን ነጭ ጠባሳ አለ፤ ነርሷ እንዳለችው ቀዶ ሕክምናው እሱን አያነሳውም።

ያ ወጣት ይህን ካነበብክ፣ ይህንንም እንደዚያኛው አድርስልኝ።