ሐዲዱ ሳይዘረጋ ነዋሪው ይደመጥ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማዋ ብዙ የጠበቀችው ነገር እውን ሆነ። በ475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ፣ በአብዛኛው ከቻይና በተገኘ ብድር፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች እና ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር ተዘረጋ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ ጭስ የለውም፤ ዋጋውም ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ የሚቀመስ ነው። መስመሩን ወደ ዳርቻዎቹ የማራዘም ሐሳብ በተነሳ ቁጥር እኔም ከደጋፊዎቹ ወገን ነኝ። ሆኖም ቅጥያው ከመጀመሪያው መስመር የተሻለ እንዲሆን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው የነዋሪውን ቃል መቀበል ያለበት መንገዱ ከመወሰኑ በፊት ነው። ውል ከተፈረመ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የባቡር ተፅዕኖ በጭስ ብቻ አይለካም። ከአያት ወደ መገናኛ በሚወስደው ጎዳና ባቡሩ በአብዛኛው የሚሄደው በአስፋልቱ መሐል፣ ግራና ቀኙ በአጥር ታጥሮ ነው። በአንድ በኩል ቤቱ፣ በሌላው በኩል ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ሰው ፊት ለፊቱ የሚታየው ቦታ ለመድረስ እስከ ማቋረጫው ሄዶ እንደገና መመለስ አለበት። ለጎረምሳ ይህ ጥቂት ደቂቃ ነው። ምርኩዝ ለያዙ እናት፣ ልጅ አዝላ ዘንቢል ለምታንጠለጥል ሴት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን ሠፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ትዕግሥቱ ያለቀ ደግሞ አጥሩን ዘሎ በመኪናና በባቡር መካከል ይሽሎከለካል። የትኛው ቦታ በስንት ሰዓት ሰው እንደሚበዛበት፣ ክረምት ላይ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ሚኒባሶች የት እንደሚጭኑና እንደሚያራግፉ በቅድሚያ የሚያውቀው እዚያው የሚውል ሰው ነው። ይህ እውቀት የመሐንዲሱን ስሌት የሚያሟላ መረጃ ነው፤ ካልተጠየቀ ግን ከጥናቱ ውጭ ይቀራል።

ሕዝብ ድምፁን ሲያሰማ ፕሮጀክት መልስ እንደሚሰጥ አይተናል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ሲነሳ የብዙ ሰው ልብ ተጨንቆ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ እንደሚመለስ ቃል ገቡ፣ በ2008 ዓ.ም.ም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐውልቱ የሚቆረቆርለት አገር ነበረው። የአንድ ሠፈር ማቋረጫ፣ የአንድ መንደር የጎርፍ መውረጃ ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው ሕግና ሥርዓት የሚያስፈልገው።

ሕጉ ደግሞ አዲስ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሲፈጸምም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይም ጉዳቱ የሚደርስባቸው ነዋሪዎች የሰጡት ሐሳብ በሪፖርቱና በግምገማው ውስጥ እንዲካተት ደንግጓል። ይኸው አዋጅ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርቱን መርምሮ ውሳኔ እንዲሰጥ የፈቀደው 15 የሥራ ቀናት ነው። የነዋሪው ሐሳብ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ብቻ ከተጠየቀ ነዋሪው በወጉ አንብቦ፣ ባለሙያውም በወጉ አርሞ ሊጨርስ አይችልም። ስለዚህ ማዳመጡ ከዚያ ብዙ ቀድሞ መጀመር ይኖርበታል።

የሚቃወሙኝ ሥራው ይጓተታል ይላሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው። በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ በኩል የሚያልፈው ፐርፕል ላይን የተባለው ባቡር በ2016 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት የአካባቢ ፈቃዱን ሽሮበት ግንባታው የተጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ጊዜ የሚወስደው ልዩነቱ ሳይፈታ ወደ መጨረሻው ሲገፋ ነው። በወረቀት ላይ ያለን ማቋረጫ ማዛወር የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው፤ ከተገነባ በኋላ ግን ድልድይ፣ ደረጃና ሌላ በጀት ይጠይቃል፤ ያውም ብድሩ ሳይከፈል። ሌሎች ደግሞ ተራው ሰው ስለ ባቡር ምን ያውቃል፣ የሚያስበው ስለ ራሱ ቤትና ሱቅ ብቻ ነው ይላሉ። ነዋሪው የሐዲዱን ብረት እንዲመርጥ የጠየቀ የለም። ስለ ቤቱ መናገሩም ነውር አይደለም፤ የሚፈናቀለው እርሱ ነውና። የግል ጥቅምን ከጋራ ጥቅም መዝኖ መለየት የመርማሪው መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ ሊመዝን የሚችለው ግን ሁለቱንም ሲሰማ ብቻ ነው።

እንግዲህ የሚጠየቀው ግልጽ ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት ቢያንስ ሁለት አማራጭ መስመሮች ለሕዝብ ይቅረቡ። የጥናቱ አጭር መግለጫ ነዋሪው በሚረዳው ቋንቋ ተጽፎ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ። ስብሰባው ሠራተኛ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ይጠራ፤ የዕድር ዳኞች፣ የጉልት ነጋዴዎች፣ የሚኒባስ ሾፌሮችና አካል ጉዳተኞችም በስም ይጋበዙ። ከሁሉም በላይ ለቀረበው ሐሳብ ሁሉ ተቀባይነት ያገኘበት ወይም ያላገኘበት ምክንያት በጽሑፍ ይመለስ፤ መልስ የሌለው አስተያየት ነገ የሚሰበሰብ ሰው ያሳጣልና። አንባቢዬም የቅጥያው መስመር በሠፈርዎ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ወረዳዎ ሄደው የጥናቱን ሪፖርት ይጠይቁ። ሕጉ የሰጠዎት መብት ነው።