ቦንብ ሳይኖራት ቦንብን የተሟገተች አገር

ወገን፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ምን ሆነ? ዓድዋን ስንት ሰዓት ላይ እንደተጀመረ ሳይቀር እንናገራለን። ይቺን ቀን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን?

የዚያን ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ቁጥር 1653ን አጸደቀ። በኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም ቻርተሩን የሚጥስ፣ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ውሳኔ። ሐሳቡን ይዛ ከፊት የቆመችው ኢትዮጵያ ናት። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ ነበሩ።

ለምን እኛ? ውሳኔው የመርዝ ጋዝን የከለከለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ይጠቅሳል። ጣሊያን ያንን ፈርማ ነው ጋዙን ያዘነበችብን። የፈረሰ ሕግ ምን እንደሚያስከፍል አባቶቻችን በቆዳቸው ያውቁታል።

«ታዲያ አንድ ቦንብ አስወገደ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አላስወገደም። ግን በዚያው ዓመት ጄኔቫ ላይ የ18 አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ሲቀመጥ ኢትዮጵያ ወንበር ነበራት። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ስለ ኒውክሌር መሣሪያ አስተያየቱን ሲሰጥ ይቺኑ ውሳኔ አንስቷታል። የተጻፈ ክርክር ዕድሜ አለው።

እንደ እኔ ዲግሪ ይዛችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ ሥራ ባይኖረን ጊዜ አለን። ሰነዶቹን እንፈልግ፣ እናንብብ፣ በአማርኛ እንጻፍ። ራሳችን ካልጻፍነው ሌላው በግርጌ ማስታወሻ ያልፈዋል።

እንፎክር፣ ችግር የለውም። ግን አንብበን እንፎክር።