ጋዜጣው ዝም ሲል

በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ምሽት ቴሌቪዥን ያላቸው አዲስ አበቤዎች አንድ ፊልም አዩ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው፣ ለእንግሊዝ ተመልካች በጥቅምት 1966 የታየ ዘጋቢ ፊልም ነበር። ደርግ ግን እንዳለ አላሳየውም። አጥንታቸው ከቀረ ሕፃናት መሀል የንጉሡን ግብዣና ሥጋ የሚጎርሱ የቤተ መንግሥት ውሾችን እያስገባ አገጣጠመው። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ስለ ፖለቲካ ፕሮፓጋንዳ በተነሳ ቁጥር ወደዚያ ምሽት የምመለሰው ውሸት የሆነ ምስል ፍለጋ አይደለም። ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣው እውነት ነው፤ ውሾቹም ነበሩ። የተሠራው ቅደም ተከተሉ ነው። ይህኛው መቼ ተቀረጸ፣ ያኛውስ፣ ማን አገናኛቸው ብሎ ለመጠየቅ ተመልካቹ ፋታ አላገኘም፤ ፍርዱ ተዘጋጅቶ ቀርቦለታል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14፣ አብዛኞቹ የቀድሞ ባለሥልጣናት የሆኑ 60 ያህል ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ።

ለፊልሙ ያን ያህል ጉልበት የሰጠው ግን የደርግ ብልጠት ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት የነበረው ዝምታ ነው። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ግቢ ውስጥ ለዕይታ አቅርበዋል፤ ተማሪውም ጮኋል። አዲስ ዘመንን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ ጋዜጦች፣ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም በመንግሥት እጅ ስለነበሩ ጩኸቱ ከግቢው አጥር ብዙ አልራቀም። ረሃቡ በሰዓቱና በልኩ በአገሬው ጋዜጠኛ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ደርግ አውጥቶ የሚያሳየው ምሥጢር ባልኖረው ነበር። ሕዝብ ሲደበቅበት የኖረውን ነገር ድንገት ሲያይ፣ ያሳየውን ሰው ያምናል። አብሮ የተቀየጠለትንም ያምናል።

ደርግ ራሱ ከዚህ አልተማረም። በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር፤ የአገር ውስጥ መገናኛ ብዙኃንም በበዓሉ ተጠምደው ነበር። ጥቅምት 13 ዓለም የኮረምን ጉድ ያየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን በቀረጸው፣ ማይክል ቡርክ ለቢቢሲ በዘገበው ዜና ነው። ደርግ ራሱ ያወረደው መንግሥት የሠራውን ጥፋት በአሥር ዓመቱ ደገመው።

ዛሬም በሽታችን ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። በሰኔ 2012 የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋረጠ። ወሬን ለማስቆም ተብሎ የተዘጋ መስመር ወሬን አላስቆመም፤ የሚያጣራውን ጋዜጠኛ ግን አሰናክሏል። ግጭት ባለበት ወረዳ ስልክ ሲቋረጥ ማንም የማያረጋግጠው የሟቾች ቁጥር ዋሽንግተን ላይ ይወለዳል፣ በቲክቶክና በዩቲዩብ ዞሮ ይመለሳል፤ ከቀዬው ደውሎ «እንዲህ አይደለም» የሚል ሰው አይገኝም።

በመጋቢት 2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣል። ሰው አስገድላለሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው በሕግ መጠየቁን አልቃወምም። ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ የጋዜጠኛን ሥራ አይሠራም፤ ያውም ዘጋቢዎች በሚታሰሩበት አገር።

ታዲያ ጋዜጠኛው ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ቦታው ላይ ይገኝ፤ ካልቻለም ያልደረሰበትን ነገር «አላረጋገጥንም» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። «በማኅበራዊ ሚዲያ እንደተሰራጨው» የሚለው አባባል ዝግጅት ክፍሎቻችንን አበላሽቷል። ወሬውን በትልቅ ርዕስ አውጥቶ ማስተባበያውን አምስተኛው አንቀጽ ላይ የሚቀብር ጋዜጣ ለወሬው ነጻ ማስታወቂያ ሠራለት። ርዕሱ ላይ መቀመጥ ያለበት የተረጋገጠው እውነት ነው፤ ውሸቱ ከሥሩ አንድ ጊዜ ይጠቀስና ለምን ውሸት እንደሆነ ይብራራ። ስህተት የሠራ ጣቢያም እርማቱን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዜና አንባቢ ድምፅ ያሰማ። ሐቅ ቼክና ኢትዮጵያ ቼክ በአማርኛ መረጃ እያጣሩ መቆየታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁንና ማጣራትን ለሁለት ሦስት ተቋማት ትቶ ሌላው የሰማውን የሚያስተላልፍበት የሥራ ክፍፍል ሊኖር አይገባም።

ለዜጋ ደግሞ የሚጠቅም አንድ ጥናት አለ። የስታንፎርዱ ሳም ዋይንበርግና ባልደረባው ሣራ ማክግሩ የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና መረጃ አጣሪ ባለሙያዎችን አንድ ዓይነት ድረ ገጾች ሰጥተው ተመለከቷቸው። ብዙዎቹ ምሁራንና ተማሪዎች ገጹ ላይ ተቀምጠው አቀራረቡን ሲመረምሩ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ገጹን ወዲያው ትተው፣ ስለ ባለቤቱ ሌሎች ምን እንደሚሉ ፈለጉ፤ በፍጥነትም በትክክልም ቀደሙ። ለእኛ የቴሌግራም ዘመን ይህ ወርቅ ነው። ቪዲዮውን ደጋግሞ ማየት አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ከቪዲዮው ወጥቶ ከየት መጣ ማለት ነው። ፎቶውን በጉግል መፈለግ፣ መጀመሪያ የታየበትን ዓመት ማየት፣ የሚነገረውን ቋንቋ ማዳመጥ፣ የዚያን ከተማ ሰው ካወቁ መደወል። የሌላ አገር ጦርነት የእኛ ከተማ ነው ተብሎ ሲዞር ስንት ጊዜ አይተናል!

የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አጎት ወይም እትዬ ውሸት ሲለጥፉ በሰው ፊት ማረም ብዙ ጊዜ ያባብሳል። የተዋረደ ሽማግሌ ከተሳሳተ ሽማግሌ ይልቅ ግትር ነው። ለብቻቸው ደውሎ፣ ጤና ጠይቆ፣ «ጋሼ፣ ያቺ ፎቶ የአምና ናት፤ ይኸው» ብሎ ማስረጃውን መላክ ይሻላል። ራሳቸው ከግሩፑ ካጠፏት፣ ግሩፑ ሁሉ ይማራል።

አንባቢዬ፣ በተለይ በውጭ አገር ያለህ፦ አንተ ከሞቀ ቤትህ ያጋራኸው ቪዲዮ የሚያርፈው ጎረቤቱን በጎሪጥ ማየት በጀመረ ሰው እጅ ላይ ነው። የምትደግፈውን ወገን የሚያስደስት ዜና ሲደርስህ ከሌላው የበለጠ አጣራ፤ ማጣራት ካልቻልክ አታጋራ።