ድድ ሲደማ መፋቂያውን አንጣል

ሰኞ በባቲ ገበያ መፋቂያ ከምትሸጥ ልጅ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት እናት «ተይኝ ልጄ፣ ድዴ እየደማ ከተውኩት ወር ሆነኝ» ሲሏት ሰማሁ። ይህን ንግግር በየቤታችን እናውቀዋለን። ድድ ሲደማ መፋቅ እናቆማለን፤ ጥርሱ ሲነቃነቅ ደግሞ «እርጅና ነው» ብለን እንቀበለዋለን። ጥርስን የሚያረግፈው ግን ዕድሜ ብቻውን አይደለም።

ጥርስ ሳይጸዳ ሲቀር ሥሩ ላይ የጀርም ሽፋን ይጋገራል። ሰውነት ይህን ሲያውቅ ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል። ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። ጀርሙን ይውጣሉ፣ የሚያሟሙ ኬሚካሎችንም ይረጫሉ። ድዱ የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚደማው በዚህ ውጊያ ነው።

ችግሩ ውጊያው ሲራዘም ነው። ኬሚካሉ ጀርሙን ከገዛ ሥጋችን አይለይም፤ ጥርስን ከአጥንት ጋር ያሰሩትን ጅማቶች ይበላል። ሌሎች የመከላከያ ሴሎችም አጥንት የሚያሟሙ ሴሎችን ይቀሰቅሳሉ። የመንጋጋው አጥንት እያነሰ ሲሄድ ጥርሱ መያዣ ያጣል።

ታዲያ ወታደሮቹን እንርገማቸው? አይደለም። ኒውትሮፊል እጅግ አንሷቸው የሚወለዱ ልጆች ጥርሳቸው ገና በልጅነታቸው ይረግፋል። መፍትሔው ወታደሩን ማባረር ሳይሆን የውጊያውን ምክንያት ማንሳት ነው።

በ1965 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። ማጽዳት ሲጀምሩ ድዳቸው በአንድ ሳምንት ገደማ ተመለሰ። የተጎዳ ድድ ይድናል፤ የሟሟ አጥንት ግን በራሱ አይመለስም። ስለዚህ ደም ያየንበት ቀን ገና ጊዜ ያለን ቀን ነው።

ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ቅላቱ በጥቁሩ ስለሚሸፈንባቸው ደሙን ይጠብቁ። ሲጋራ የሚያጨሱ አባቶች ድዳቸው ብዙም ሳይደማ ሊጎዳ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ስኳሩ ድዱን ያብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳሩን ያስቸግራል።

መፋቂያም ሆነ ብሩሽ፣ ጫፉን አለስልሰን ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን መስመር በቀን ሁለት ጊዜ በቀስታ እናጽዳ። በሁለት ሳምንት ካልቆመ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ ወደ ጥርስ ሐኪም እንሂድ፤ የደነደነውን ቆሻሻ የሚያነሳው እሱ ነው። ከፋርማሲ የተገዛ እንክብል ብቻውን አያነሳውም። አያቶችም ለልጅ ልጆቻችን «ደማ፣ ተወው» ሳይሆን «ደማ፣ በቀስታ አጽዳው» እንበላቸው።