ጉልቻን ስለ መለወጥና ስለ ባለመስተዋት ምድጃ አያያዝ

በከፋ ዞን በቢታ ገነት ከተማ የሚኖሩ አንዲት ባለትዳር የላኩልን ደብዳቤ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኖ ስላገኘነው የዚህ ሳምንት ዓምዳችንን ለእርሱ ሰጥተነዋል። ወይዘሮዋ እንደሚሉት፣ አዲስ አበባ የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ፊቱ መስተዋት የሆነ፣ ባለ ሁለት መጣጃ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቶ ልኮላቸዋል። ባለቤታቸው በዚህ በጣም ተደስተው፣ «አዲሱ ከገባ አሮጌው ይውጣ» በማለት የመብራት ምጣዱን ለመሸጥ፣ ጉልቻውንም ነቅለው ማድ ቤቱን ለማፍረስ አስበዋል። ከዚህም ሌላ ቦንጋ ለምትማረው ሴት ልጃቸው ለቤት ኪራይና ለቀለብ እንዲሆን ከቡና ሽያጭ ካስቀመጡት ገንዘብ ቀንሰው፣ ከምድጃው ጋር የሚሄድ ሙሉ የድስትና የመጥበሻ ዕቃ ሊገዙ ተነሥተዋል። አማቲቱ በበኩላቸው፣ «ልጄ፣ ይኸ መስተዋት ጀበናዬን አላሞቀልኝም፤ ጉልቻዬን አትንኩብኝ» ብለዋል።

ወይዘሮዋ በመጨረሻ እንዲህ ይላሉ፤ «በሦስተኛው ቀን እንደ ድስት በአመድ ብፈትገው መስተዋቱ ተጫረ። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም ደግሞ ይጮኽና ራሱን ያጠፋል። አማቴንም ባለቤቴንም ሳላስቀይም ምን ላድርግ?»

አስቸኳዩ የገንዘቡ ጉዳይ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር። የልጅቷ ገንዘብ ከተቀመጠበት መነሣት የለበትም ብለን በግልጽ እንመክራለን። ምክንያቱም ሙሉ የዕቃ ስብስብ መግዛት አያስፈልግም። አማትዎ ጀበናው አልሞቀም ማለታቸው ወንድምዎ የላከው ምድጃ ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግረናል። ባለመስተዋት ምድጃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመስተዋቱ ሥር ያለው ሽቦ ፍም መስሎ እየቀላ ሙቀቱን ወደ ላይ የሚያስተላልፈው ሲሆን፣ ይህ የተጣደበትን ዕቃ ሁሉ ይብዛም ይነስም ያሞቃል። ሁለተኛው ኢንዳክሽን የሚባለው ነው። ይኸኛው ራሱ አይግልም፤ ከመስተዋቱ ሥር የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ተለዋዋጭ የማግኔት ኃይል ይፈጥርና የድስቱን ብረት ከውስጡ ያግለዋል። ስለዚህ ማግኔት የማይስበው ዕቃ ቢጣድበት ምድጃው እንዳልተጣደበት ይቆጥረዋል። ሸክላ፣ አሉሚኒየምና መዳብ ከዚህ ይመደባሉ። ጀበናው ቢውልበትም ቢያድርበትም አይፈላም ማለት ነው።

ባለቤትዎ ገንዘብ ይዘው ከመውጣታቸው በፊት ከተበላሸ ራዲዮ ወይም ድምፅ ማጉያ የወጣች ትንሽ ማግኔት ይፈልጉና ቤት ያሉትን ድስቶች፣ መጥበሻዎችና ማንቆርቆሪያዎች ሥራቸውን በማግኔቷ ይሞክሩ። አጥብቃ የምትይዘው ዕቃ ለኢንዳክሽን ይሆናል። ኢናሜል የተቀባ ብረት፣ ወፍራም የብረት መጥበሻና አንዳንድ የማይዝግ ብረት ድስት ይህን ፈተና ያልፋሉ። በየቤቱ የሚገኘው ቀላሉ የአሉሚኒየም ድስት ግን አያልፍም። የጠፋ እንደሆነ ለወጥ የሚሆን አንድ ሥሩ ዝርግ የሆነ ድስት ይበቃል። ወደ ገበያም ሲሄዱ ማግኔቷን ይዞ መሄድ ነው፤ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢል ማግኔቷን አስጠግቶ ማየት ነውር የለውም።

አሁን ወደ ምጣዱ እንለፍ። የመብራት ምጣዱን መሸጥ ትልቅ ስሕተት ይመስለናል። የመስተዋቱ ምድጃ አንዱ መጣጃ ስፋቱ የአንድ መካከለኛ ድስት ሥር ያህል ብቻ ነው። እንጀራ አይጋገርበትም፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮም አይዘረጋበትም። ምጣዱ የተሸጠ ዕለት እንጀራና ቆጮ ወደ እንጨት ይመለሳሉ፤ ጭሱም ወደ እናንተ ይመለሳል። ባለ ብዙ ዋጋው መስተዋት ሻይና ወጥ ሲሠራ፣ እንጨቱን የሚጨርሰው ዋናው ጋገራ ግን በጉልቻ ይሆናል ማለት ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ወጡን በሚመለከት እውነት ሊሆን ይችላል። ወጥ ሠሪዋን በሚመለከት ግን ተረቱ አያስኬድም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። የሕፃናት የሳንባ ምች፣ የአዋቂዎች የሳንባና የልብ በሽታ፣ የዐይን ሞራም ከዚሁ ከጭሱ ጋር ይያያዛሉ። በአሁኑ ጊዜ «ያይን ነገር አልሆነልኝም» የሚሉ ስንት እናቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ በጉልቻ ዙሪያ አጎንብሰው እንደኖሩ የማያውቅ የለም።

የእንጨቱም ነገር አለ። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የቡናው እናት የሆነው ይህ ደን ለማገዶ እንዳያልቅ፣ ናቡ የተባለው የጀርመን ተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በአካባቢው ባካሄደው ሥራ እንጨት ቆጣቢ ምድጃዎችን ጭምር አዳርሷል። ከዚያም በፊት በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ተሠርቶ የተስፋፋው «ምርጥ» የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ፣ በሦስት ጉልቻ ከሚጋገረው እንጀራ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል መጠባበቂያ ያስፈልጋልና ለባለቤትዎና ለአማትዎ የሚሆነው የመካከለኛ ሐሳብ ይኸ ነው፤ ማድ ቤቱ አይፈርስም፣ ጉልቻው ግን በ«ምርጥ» ዓይነት ምድጃ ይተካል። ለጀበናው ደግሞ «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ አለ፤ ከተራው የቆርቆሮ ከሰል ማንደጃ ይልቅ ከሰሉን አንድ አራተኛ ያህል ይቆጥባል። አማትዎ ቡናቸውን እንደ ልማዳቸው ያፍሉ። ማሳሰብ የሚገባው፣ የከሰሉ ምድጃ በርና መስኮት በተዘጋበት ቤት እንዳይቀመጥ፣ በተለይም ሌሊት ለሙቀት ተብሎ መኝታ ቤት እንዳይገባ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል።

ማታ ማታ ምድጃው ራሱን የሚያጠፋበትም ምክንያት አለው። በቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት መሆን ሲገባው፣ ሁሉም ሰው እራቱን በሚሠራበት ሰዓት ይወርዳል። ኢንዳክሽን ምድጃ ኃይሉ ከተወሰነ መጠን በታች ሲሆን ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ይጮኽና ይጠፋል። ምጣዱ እንዲህ ዓይነት ጠባቂ ስለሌለው አይጠፋም፤ ነገር ግን ይደክማል። 4,000 ዋት የሚስበው ምጣድ ኃይሉ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የሚሰጠው ወደ 2,700 ዋት ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንጀራው ዐይን አያወጣም፤ ጋጋሪዋም ሊጡን ትወቅሳለች። መፍትሔው ጋገራውን ወደ ጧት ወይም ወደ እኩለ ቀን ማዛወር ነው።

ምጣዱንና አዲሱን ምድጃ አብሮ ማብራት ደግሞ አደጋ አለው። ምጣዱ ብቻውን 18 አምፔር ያህል ይስባል፤ አንዱ መጣጃ 2,000 ዋት ቢሆን ሌላ 9 አምፔር ይጨምራል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀጭን ማራዘሚያ ሽቦ ላይ መስቀል ቤትን በእሳት ማጋየት ነው። ምጣዱ የራሱ መስመር፣ ከ4 ሚሊሜትር ካሬ የማያንስ ሽቦና የራሱ ማጥፊያ ይኑረው። ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ፣ የሚሸት ወይም የጠቆረ ከሆነ ነገ ሳይባል ባለሙያ ይጠራ። የመሬት ሽቦም መኖሩ ይረጋገጥ። ለድስት ስብስብ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ይሻላል፤ ይህንንም ከልጅቷ ሳይሆን ከሌላ ወጪ ቀንሶ ማድረግ ይቻል ይመስለናል።

የመስተዋቱን አያያዝ ሰፋ አድርገን እንግለጸው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ይህ መስተዋት የመስኮት መስተዋት አይደለም። ዶናልድ ስቱኪ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 በኮርኒንግ ኩባንያ አንድ የመስተዋት ቁራጭ ምድጃ ውስጥ ከትቶ ሳለ፣ የምድጃው መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ሙቀቱ ካሰበው 600 ዲግሪ ወደ 900 ወጣበት። ቁራጩ ቀልጦ ይጠብቀኛል ሲል እንደ ሸክላ ነጭ ሆኖ አገኘው፤ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ሲወድቅም ሳይሰበር ነጠረ። ከዚህ የተወለደው የመስተዋትና የሸክላ ዲቃላ በሙቀት አይለጠጥም ማለት ይቻላል። በመሆኑም ከግለት በኋላ ቀዝቃዛ ነገር ቢነካው እንደ ተራ ብርጭቆ አይፈነዳም። ሾት የተባለው የጀርመን ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1971 ለምድጃ ፊት አድርጎ ለገበያ አቀረበው። ሙቀትን ቻለ እንጂ ጭረትንና ምትን ግን አይችልም።

ስለዚህ አመድ፣ አሸዋ፣ የሽቦ መፈተጊያና ሸካራ ዱቄት ሳሙና አይንኩት። በረኪናም እንደዚሁ። ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አርጥቦ መጥረግ፣ በሌላ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን ማንሣት፣ በደረቅ ማድረቅ ይበቃል። ጨርቁ ወለል የተጠረገበት ወይም ጠረጴዛ የተወለወለበት አይሁን፤ በውስጡ የተደበቀች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካልታየች መስተዋቱን ትጭረዋለች። ደርቆ የተጣበቀ ወጥ ሲኖር ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውኃ ለውሶ መቀባት፣ ለብ ባለ ውኃ የረጠበ ጨርቅ ለሩብ ሰዓት አልብሶ መተው ነው። ያልለቀቀውን በአዲስ ምላጭ ዝቅ ባለ አቅጣጫ አጋድሞ ቀስ ብሎ መግፋት ይቻላል። ምላጩ እጀታ ይኑረው፤ ቀጥ ተደርጎ ከተያዘ ይቧጭራል።

ስኳርና ማር ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው። ማር በሞላበት አገር ይህ በተለይ መታወቅ አለበት። የፈሰሰ ስኳር፣ ማር ወይም ማርማላታ መስተዋቱ ላይ ቀዝቅዞ ከደረቀ ሲጨማተር የመስተዋቱን ገጽ ይዞ ይነሣል፤ ጥቃቅን ጉድጓድም ይተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲፈስ ምድጃውን አጥፍቶ፣ ድስቱን አንሥቶ፣ እጅን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ፣ ትኩስ እንዳለ በባለ እጀታው ምላጭ መግፋት ይገባል። የቀለጠ ፕላስቲክም ሕጉ ይኸው ነው። በዚህ ሰዓት ልጆች ራቅ ይበሉ።

ድስት ከመስተዋቱ ላይ ይነሣል እንጂ አይጎተትም። በእንጨት እሳት የጠቆረ ድስት ጥላሸቱ ሳይጸዳ መስተዋቱ ላይ አይጣድ። መስተዋቱ መክተፊያ አይደለም፤ ሙቀጫም አይቀመጥበትም፤ ከበላዩ ባለው መደርደሪያ ላይም የሸክላ ዕቃ ወይም የቡና ቆርቆሮ አይደርደር። ትልቁ ስብራት የሚመጣው ከዚያ ነው። ምድጃው በጨርቅ ወይም በላስቲክ ላይ ሳይሆን ዝርግና ደረቅ በሆነ ጠንካራ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ያለው ማራገቢያ አየር ይፈልጋል። ሥራ ሲያበቃም ማራገቢያው እስኪቆም ድረስ ከሶኬት አይነቀል።

የምጣዱንም ነገር አንዘንጋ። ጭቃው ሲጋገርበት በጎመን ዘር ታሽቶ እንዲኖር እንጂ በውኃ እንዲታጠብ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ሽቦ ውኃ ካገኘው ይነዝራል። ሽቦው ቢቃጠል ባለሙያ ሽቦውን ብቻ መለወጥ ይችላልና ምጣዱ ሁሉ አይጣል። ጭቃው ተሰንጥቆ ሽቦው ከታየ ግን አንድም እንጀራ አይጋገርበት።

በአመድ የተጫረው የእርስዎ መስተዋት ጭረቱ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጥፍር ሲሄድበት የማይዝ ከሆነ መጠቀም ይቻላል። ጥፍር የሚይዝ ሥንጥቅ ከሆነ፣ ወይም ከዳር እስከ ዳር የሄደ መስመር ከታየ፣ ወዲያውኑ ከመስመሩ ይነቀል። በሥንጥቁ የገባ ወጥ ወይም ውኃ ከኤሌክትሪኩ ጋር ይገናኛልና። ያን ጊዜ ወንድምዎ ከገዛበት ሱቅ መስተዋቱ ለብቻው እንደሚሸጥና ዋስትናው እንዳላለቀ እንዲጠይቅልዎ ይጻፉለት፤ ደረሰኙንም አሁኑኑ ይላክልዎ።